ካርል ሪክተር እና የባሮክ ሙዚቃ የታማኝነት ጥያቄ፦ አጭር የሕይወት ታሪክ ጥናት

መግቢያ

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን ሥራዎች ለሰፊው የዓለም አድማጭ ካደረሱት የሙዚቃ መሪዎች መካከል ካርል ሪክተር በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳል። ኦርጋንና ሃርፕሲኮርድ ተጫዋች፣ የመዘምራን አሠልጣኝ፣ የኦርኬስትራ መሪና መምህር የነበረው ይህ ጀርመናዊ በ1926 ተወልዶ በ1981፣ በ54 ዓመቱ ሞተ። ከሞተ ከ40 ዓመታት በላይ ቢቆጠሩም ቀረጻዎቹ ዛሬም ይሰማሉ፤ ስለ እርሱ የሚሰጠው ፍርድ ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ሪክተርን የባኽን ሙዚቃ መንፈሳዊ ጥልቀት ከሁሉ በላይ የገለጠ ባለሙያ አድርጎ ያየዋል። ሌላኛው ወገን ደግሞ ዘመኑ ባለፈበት የአጨዋወት ስልት የጸና፣ የታሪክ ማስረጃ ያልበገረው መሪ እንደ ነበር ይናገራል።

ይህ ጽሑፍ የሪክተርን ሕይወትና ሥራ በመከተል ሁለቱ ፍርዶች ከምን እንደ መነጩ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሪክተር ብዙ ጊዜ የአሮጌው ዘመን የመጨረሻ ተወካይ ተደርጎ ቢቆጠርም በ1950ዎቹ ያሰማው ባኽ ከቀደሙት የተለየ፣ ለጊዜው አድማጭ አዲስ የሆነ ባኽ ነበር። በእርሱና ከእርሱ በኋላ በመጡት መካከል የተነሣው ልዩነት አንዱ ለባኽ ታማኝ፣ ሌላው ታማኝ ያልሆነ በመሆኑ የመጣ አይደለም፤ የልዩነቱ ምንጭ ታማኝነት በምን ላይ ይመሠረታል የሚለው ጥያቄ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባሮክ ሙዚቃ ለመሪው የሚያቀርበው ችግር

ባሮክ በመባል የሚታወቀው የአውሮፓ ሙዚቃ በግምት ከ1600 እስከ 1750 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። የዚህ ዘመን ደራስያን ኖታቸውን ሲጽፉ ለአጫዋቹ የሚተዉለት ብዙ ነገር ነበር። የሙዚቃው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በቃል ፍንጭ ብቻ ይጠቆማል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይጠቀስም። የድምፁ ጉልበት የት እንደሚጨምርና የት እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ምልክቶች ጥቂት ናቸው። የዝቅተኛው ድምፅ መስመር ከቁጥሮች ጋር ይጻፍና በላዩ የሚሰሙትን ስምም ድምፆች የኦርጋኑ ወይም የሃርፕሲኮርዱ ተጫዋች በቅጽበት እየፈጠረ እንዲያሟላቸው ይጠበቃል። ስለዚህ የባሮክ ሙዚቃ መሪ በኖታው ላይ ያለውን ብቻ በማንበብ ሥራውን ሊፈጽም አይችልም፤ ያልተጻፈውን ከአንድ ቦታ ማምጣት አለበት።

ያልተጻፈው ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ አግኝቷል። ፌሊክስ ሜንደልስዞን በ1829 የባኽን የማቴዎስ ሕማማት በበርሊን ዳግም ሲያሰማ ከ150 በላይ መዘምራን አሰልፎ፣ ከሥራውም ብዙ ክፍሎችን ቆርጦ ነበር። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቀኞች ያልተጻፈውን የሞሉት በራሳቸው ዘመን ስሜትና ልማድ ነው። ግዙፍ የመዘምራን ስብስብ፣ ቀስ እያለ የሚያድግና የሚከስም ድምፅ፣ እንደ ስሜቱ የሚረዝምና የሚያጥር ፍጥነት የዚህ ልማድ መለያዎች ነበሩ። ሪክተር የተወለደው ይህ ልማድ ገና ባልጠፋበት፣ መጠየቅ ግን በጀመረበት ጊዜ ነው።

ልጅነትና ትምህርት

ካርል ሪክተር በጥቅምት 15 ቀን 1926 በሳክሶኒ ክፍለ ሀገር በፕላወን ከተማ ተወለደ። አባቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለ ነበር የቤተ ክርስቲያኒቱ ዝማሬና ኦርጋን ከልጅነቱ ጀምሮ የቤተሰቡ የዕለት ኑሮ አካል ነበሩ። ገና 10 ዓመት ሳይሞላው፣ በ1935፣ አባቱ ሞተ። እናቱ ልጆቿን ይዛ ከቦታ ቦታ ከተዘዋወረች በኋላ ቤተሰቡ በዚያው በሳክሶኒ በምትገኘው በፍራይበርግ ተቀመጠ።

ፍራይበርግ ለኦርጋን ታሪክ ታላቅ ትርጉም ያላት ከተማ ናት። በካቴድራሏ ውስጥ የባኽ ዘመነኛ የነበረው ጎትፍሪድ ዚልበርማን በ1714 ሠርቶ ያስረከበው ኦርጋን ይገኛል። ከዚህም በላይ ሪክተር በተወለደ በዓመቱ፣ በ1927፣ በዚችው ከተማ የኦርጋን ባለሙያዎች ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ጉባኤው የኦርጋን ንቅናቄ በመባል በሚታወቀው ሂደት ውስጥ ጉልህ ቦታ አለው። ንቅናቄው የኦርኬስትራን ድምፅ ለመምሰል ከተሠሩት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ግዙፍ ኦርጋኖች ይልቅ ጥርት ያለ ድምፅ ወዳላቸው የባሮክ ኦርጋኖች መመለስን ይሰብክ ነበር። ሪክተር ያደገው የዚህ ለውጥ ተምሳሌት የሆነ መሣሪያ በሚሰማበት ከተማ ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻ በድሬስደን ወደሚገኘው የመስቀል ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ገብቶ በሩዶልፍ ማወርስበርገር የሚመራው የወንድ ልጆች መዘምራን አባል ሆነ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ታሪክ ያለው ይህ የመዘምራን ማኅበር ልጆቹን በየሳምንቱ ለአገልግሎት የሚያሰማራ፣ ሥርዓቱ ጥብቅ የሆነ ትምህርት ቤት ነበር። ሪክተር የባኽን ሥራዎች በመጀመሪያ ያወቃቸው ከዘማሪዎቹ አንዱ ሆኖ በመዘመር ነው። መሪ ከሆነ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ ለመዘምራን ትንፋሽና ለቃላት ጥራት የሚጨነቅ መሆኑ ከዚህ ልምድ ጋር ይያያዛል።

ጦርነቱ ይህን ትምህርት አቋረጠው። ሪክተር በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት፣ ገና ወጣት ሳለ፣ ለውትድርና ተወሰደ። በየካቲት 1945 ድሬስደን በቦምብ ስትነድ የመስቀል ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለች፤ ከመዘምራኑም 11 ልጆች ሞቱ። የዚህ ትውልድ ሙዚቀኞች ከጦርነት ሲመለሱ ያገኙት የዘመሩባቸውን ሕንጻዎች ፍርስራሽ ነበር።

ላይፕዚግ፦ የመምህራን ሰንሰለት

በ1946 ሪክተር በላይፕዚግ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ትምህርቱን ጀመረ። ላይፕዚግ ባኽ ከ1723 እስከ 1750፣ እስኪሞት ድረስ፣ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን አለቃ ሆኖ የሠራባት ከተማ ናት። የሪክተር መምህራን ካርል ሽትራውበና ጉንተር ራሚን ነበሩ። ሽትራውበ ከ1918 እስከ 1939 በባኽ መንበር ላይ ተቀምጦ የነበረ አረጋዊ ሲሆን፣ ራሚን የእርሱ ደቀ መዝሙርና ተተኪ ነበር። ሪክተር ከእነዚህ ሁለቱ መማሩ ከባኽ መንበር የሚወርድ የመምህርና የደቀ መዝሙር ሰንሰለት አካል አደረገው።

ይህ ሰንሰለት ግን በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሽትራውበ በወጣትነቱ የማክስ ሬገርን ግዙፍ የኦርጋን ሥራዎች በማሰማት የታወቀ፣ የሮማንቲክ ዘመን ስልት ዋና ተወካይ ነበር። በ1913 ያሳተመው የባኽ የኦርጋን ሥራዎች እትም የድምፅ ጉልበትና የፍጥነት መመሪያዎች የሞሉበት ሲሆን፣ መመሪያዎቹ የባኽ ሳይሆኑ የአዘጋጁ ነበሩ። በ1920ዎቹ የኦርጋን ንቅናቄ ሲስፋፋ ግን ሽትራውበ የቀድሞ አቋሙን ለውጦ ወደ ጥርት ያለው የባሮክ ድምፅ አዘነበለ። ሪክተር ያገኘው ከዚህ ለውጥ በኋላ ያለውን ሽትራውበን ነው። እንግዲህ በላይፕዚግ ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈው ትውፊት ከባኽ ዘመን ሳይለወጥ የወረደ አልነበረም፤ በሪክተር መምህር የሕይወት ዘመን ውስጥ ብቻ ሙሉ ለሙሉ ተገላብጦ ነበር። ይህ ነጥብ ኋላ ስለ ታማኝነት ለሚነሣው ክርክር መሠረታዊ ነው።

ሪክተር በ1949 የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ ተሾመ። ባኽ የሞተበት 200ኛ ዓመት በተከበረበት በ1950 ደግሞ በላይፕዚግ በተካሄደው የባኽ ውድድር በኦርጋን ተሸላሚ ሆነ። በ24 ዓመቱ ገደማ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ በምሥራቅ ጀርመን ሊመኘው ከሚችለው ከፍተኛ ስፍራ አጠገብ ደርሶ ነበር።

ሙኒክ፦ አዲስ ጅማሬ

በ1951 ሪክተር ላይፕዚግን ትቶ ወደ ሙኒክ ሄደ። በዚያም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ አገልጋይ፣ በከተማው ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም መምህር ሆነ። የሙኒክ ምርጫ በሁለት በኩል ትርጉም ነበረው። አንደኛ፣ ጀርመን ለሁለት በተከፈለችበት ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መሻገር ነበር። ሁለተኛ፣ ሙኒክ የካቶሊክ ከተማ ናት፤ የሙዚቃ ዝናዋም በኦፔራና በሲምፎኒ ላይ የቆመ ነበር። የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ የሆኑት የባኽ ካንታታዎች በላይፕዚግ እንደነበራቸው ያለ ሥር የሰደደ ባህል በሙኒክ አልነበራቸውም። ሪክተር የወረሰው ተቋም ስላልነበረ ራሱ ማቋቋም ነበረበት።

መነሻው በሃይንሪኽ ሹትስ ስም የተጠራ አነስተኛ የዘማሪዎች ክበብ ነበር። ሪክተር ክበቡን ተረክቦ አስፋፋው፤ በ1954ም የሙኒክ የባኽ መዘምራን የሚል ስም ተሰጠው። አባላቱ ኑሯቸው በሌላ ሥራ ላይ የተመሠረተ፣ ለዝማሬ ፍቅር ሲሉ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። ከመዘምራኑ ጎን ለጎን በሙያቸው የታወቁ ተጫዋቾችን ያሰባሰበው የሙኒክ የባኽ ኦርኬስትራ ተመሠረተ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በስቅለት ዕለት የማቴዎስ ሕማማትን፣ በገና ሰሞን የገናን ኦራቶሪዮ ከሪክተር ጋር መስማት ለብዙ የሙኒክ ነዋሪ የማይቀር የዓመቱ ሥርዓት ሆነ።

1956 የሪክተርን የሕይወት አቅጣጫ የወሰነ ዓመት ነው። በየካቲት ወር ራሚን በላይፕዚግ ሞተ፤ መንበሩን እንዲረከብ ጥሪ የቀረበውም ለሪክተር ነበር። በቀጣዩ ወር በስቅለት ዕለት ደግሞ፣ አርኪቭ ለተባለው የሸክላ አሳታሚ የባኽን ሥራዎች ይመራ የነበረው ፍሪትዝ ሌማን የማቴዎስ ሕማማትን በሙኒክ በመምራት ላይ ሳለ በዕረፍቱ ሰዓት በድንገት ሞተ። ሪክተር በአንድ ወገን ባኽ ራሱ የተቀመጠበት መንበር፣ በሌላ ወገን ገና የ2 ዓመት ዕድሜ ያለው የመዘምራን ማኅበር ቀርቦለት ሁለተኛውን መረጠ። የላይፕዚግን ጥሪ አልተቀበለም፤ በዚያው ዓመትም በሙኒክ ፕሮፌሰር ሆነ። ውሳኔው ሁለት ውጤቶች ነበሩት። የባኽ ሙዚቃ ከመንበርና ከቤተ ክርስቲያን ሹመት ውጭ፣ በአንድ መሪና በመዘምራኑ ዙሪያ አዲስ ማዕከል አገኘ። አርኪቭም በሌማን ሞት ያጣውን መሪ በሪክተር ተካ።

የአመራር ስልቱ

ሪክተር በ1950ዎቹ ያሰማው ባኽ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከቀደመው ልማድ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የምት ጽናት የስልቱ መሠረት ነበር። ፈጣን የኅብር ዝማሬ ክፍሎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በማይናወጥ ምት ይገሰግሳሉ፤ በየሐረጉ መጨረሻ መዘግየትና ማላዘን የለም። የድምፅ ጉልበት ቀስ እያለ ከማደግ ይልቅ በኦርጋን ላይ እንደሚደረገው በደረጃ ይለወጣል፤ አንድ ክፍል በሙሉ ድምፅ ተሰምቶ ቀጣዩ በለዘብታ ይመጣል። በፉግ ውስጥ እያንዳንዱ የድምፅ መስመር ከሌላው ተለይቶ እንዲሰማ መዘምራኑ ተነባቢ ፊደላትን በጥንካሬ እንዲያወጡ ይሠለጥኑ ነበር። ሕማማቱና ቅዳሴው ሳይቆረጡ በሙሉ ይቀርባሉ። ያልተጻፉትን ስምም ድምፆች የሚያሟላው ሃርፕሲኮርድም በግልጽ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ የሚጫወተው ሪክተር ራሱ ሲሆን፣ አንዱን እጁን በመሣሪያው ላይ አሳርፎ በሌላው ይመራ ነበር።

ሪክተር ኖታ ሳይዘረጋ በቃሉ የመምራት ልማድ ነበረው። ለሰዓታት የሚዘልቁትን ታላላቅ ሥራዎች በቃል መያዙ ዓይኑን ከመዘምራኑ ላይ እንዳይነቅል አስችሎታል። በልምምድ የተወሰነው ፍጥነት በመድረክ ላይ ሊለወጥ ይችል ስለ ነበር ዘማሪዎቹና ተጫዋቾቹ ለእጁ እንቅስቃሴ ዘወትር ንቁ መሆን ነበረባቸው። ሪክተር የሚታወቀው በጻፈው ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ሐሳቡን የገለጸው በመድረክና በቀረጻ ነው። ይህም ኋላ ከተቺዎቹ ጋር ያለውን ክርክር አንድ ወገን ብቻ በጽሑፍ የተሟገተበት አድርጎታል።

ከዚህ ጋር የስልቱ ወሰኖችም መጠቀስ አለባቸው። የሙኒክ መዘምራን ቁጥር ከሜንደልስዞን ዘመን ቢያንስም ባኽ ራሱ ከጠየቀው እጅግ የበዛ ነበር። ባኽ በ1730 ለላይፕዚግ ከተማ ምክር ቤት ባቀረበው ጽሑፍ ለአንድ የመዘምራን ጓድ ቢያንስ 12፣ ቢቻል ደግሞ 16 ዘማሪዎች እንደሚያስፈልጉ አመልክቷል። በባኽ ዘመን የከፍተኛ ድምፅ ክፍሎችን በቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩት ወንዶች ልጆች ሲሆኑ፣ በሙኒክ የሚዘምሩት ሴቶች ነበሩ። የኦርኬስትራው መሣሪያዎችም በዘመኑ የሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች ከሚጠቀሙባቸው አይለዩም። ሪክተር የሚጫወትበት ሃርፕሲኮርድ እንኳ በኖይፐርት ፋብሪካ የተሠራ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩት ቀለል ያሉ መሣሪያዎች በአሠራሩም በድምፁም የሚለይ ነበር።

ቀረጻዎችና ጉዞዎች

አርኪቭ በ1947 በዶይቸ ግራሞፎን ሥር የተቋቋመው የቀደምት ዘመናትን ሙዚቃ በጥናት ላይ ተመሥርቶ በሸክላ ለማስቀረት ነው። ሪክተር በ1958 በሙኒክ ያስቀረጸው የማቴዎስ ሕማማት የዚህን ትብብር አቅጣጫ የወሰነ ሥራ ነው። ኤርንስት ሄፍሊገር የወንጌላዊውን ክፍል ሲዘምር፣ ኢርምጋርድ ዜፍሪድ፣ ሄርታ ተፐር፣ ዲትሪኽ ፊሸር ዲስካውና ኪት ኤንገን አብረውት ተሰልፈዋል። በ1961 የቢ ማይነር ቅዳሴ፣ በ1964 የዮሐንስ ሕማማት፣ በ1965 የገና ኦራቶሪዮ፣ በ1967 የብራንደንቡርግ ኮንቼርቶዎች ተከተሉ። በገና ኦራቶሪዮው ላይ የተሰማው ቴነር ፍሪትዝ ቩንደርሊኽ በማግሥቱ ዓመት፣ 36 ዓመት ሳይሞላው፣ ስለ ሞተ ቀረጻው የሁለቱን ሙዚቀኞች ትብብር ከሚያስታውሱ ዋና ሰነዶች አንዱ ሆኗል።

ከሁሉ ይልቅ ሰፊው ሥራ ግን የካንታታዎቹ ቀረጻ ነው። ሪክተር ወደ 75 የሚጠጉ ካንታታዎችን በቤተ ክርስቲያን የዓመት በዓላት ቅደም ተከተል ለሕትመት አብቅቷል። አደረጃጀቱ ራሱ ትርጉም አለው። እያንዳንዱ ካንታታ ለአንድ እሑድ ወይም ለአንድ በዓል ንባብ የተጻፈ በመሆኑ፣ በዓመቱ ዑደት ውስጥ ማስቀመጥ ሥራውን ወደ ተፈጠረበት የአምልኮ ጊዜ መመለስ ነው።

ሪክተር በባኽ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የሃንደልን መሲሕ በ1964 በጀርመንኛ፣ በ1972 ደግሞ በእንግሊዝኛ አስቀርጿል፤ ኦፔራዎቹንና ሌሎች ኦራቶሪዮዎቹንም መርቷል። የብራምስና የቬርዲ የሙታን ጸሎቶችም በመድረክ ፕሮግራሙ ውስጥ ነበሩ። ይሁንና ስሙ ከሁሉ በላይ ከባኽ ጋር ተሳስሮ ቀርቷል።

በ1960ዎቹ የሙኒክ መዘምራን ከጀርመን ውጭ በሰፊው ይጓዝ ጀመር። በ1968 በሞስኮና በሌኒንግራድ የባኽን መንፈሳዊ ሥራዎች አሰማ፤ መንግሥት ሃይማኖትን ከአደባባይ ባራቀበት አገር ሕማማትንና ቅዳሴን ማሰማት ከሙዚቃ ያለፈ ክብደት ነበረው። በ1969 በቶኪዮ የቀረቡት ዝግጅቶችም በቀረጻ ተይዘዋል። በእነዚሁ ዓመታት የቢ ማይነር ቅዳሴ፣ ሕማማቱና የብራንደንቡርግ ኮንቼርቶዎች ለቴሌቪዥን ተቀረጹ።

ተቃራኒው አቅጣጫ

ሪክተር በሙኒክ መዘምራኑን ሲያደራጅ በቪየና ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ኒኮላውስ ሃርኖንኩር በ1953 ኮንሰንቱስ ሙዚኩስ የተባለውን ስብስብ አቋቋመ። ዓላማው ያልተጻፈውን ከመምህር ከተወረሰ ልማድ ሳይሆን ከታሪክ ሰነድ ማግኘት ነበር። የዘመኑ የማስተማሪያ መጻሕፍት ተመረመሩ፤ ከእንስሳት አንጀት የተሠሩ ክሮች በቫዮሊኖች ላይ ተመለሱ፤ ከእንጨት የተሠሩ ዋሽንቶችና የጥንት ዓይነት ጥሩምባዎች ተፈለጉ፤ ቅኝቱም ከዘመናዊው በግማሽ ድምፅ ገደማ ዝቅ አለ። የአምስተርዳሙ ጉስታቭ ሌኦንሃርት በሃርፕሲኮርድ ላይ ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። በ1971 ሁለቱ የባኽን መንፈሳዊ ካንታታዎች በሙሉ በጥንታዊ መሣሪያዎችና በወንዶች ልጆች ድምፅ ማስቀረጽ ጀመሩ፤ ሥራው እስከ 1989 ዘለቀ።

የሁለቱ አቅጣጫዎች ልዩነት በድምፅ ላይ ወዲያው ይሰማል። በሪክተር ዘንድ ሐረጎች እንደ ኦርጋን ድምፅ የተያያዙና እኩል ጉልበት ያላቸው ናቸው፤ በሃርኖንኩር ዘንድ እንደ ንግግር አንዱ ቃል ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። በሪክተር ዘንድ ክብደትና ግርማ አለ፤ በሃርኖንኩር ዘንድ ቅለትና የዳንስ እርምጃ ጎልቶ ይወጣል። በ1970ዎቹ የወጣቱ ትውልድ አድማጭና ሐያሲ ወደ ሁለተኛው እያደላ ሲሄድ፣ ከ20 ዓመታት በፊት በጥራቱና በጥንካሬው የተደነቀው የሙኒክ ድምፅ ከባድና ያረጀ መባል ጀመረ። የሪክተር አሳታሚ የነበረው አርኪቭም በ1978 ገደማ እንደ ትሬቨር ፒኖክና እንደ ራይንሃርድ ገብል ካሉ የጥንታዊ መሣሪያ መሪዎች ጋር መሥራት ጀመረ። ሪክተር በሕይወት ሳለ የራሱ ቤት ለሌላ እንግዳ እየተሰናዳ ነበር ለማለት ይቻላል።

የመጨረሻ ዓመታት

ሪክተር ለራሱ ዕረፍት የማይሰጥ ሰው ነበር። ማስተማር፣ የኦርጋን ዝግጅቶች፣ የመዘምራን ልምምድ፣ ቀረጻና የውጭ አገር ጉዞ በአንድ ሰው ላይ ተደራረቡ። በ1971 የልብ ሕመም መታው፤ በኋለኞቹ ዓመታትም የዓይኑ ብርሃን እየደከመ ሄደ። ይህ ሁሉ ግን ከሥራው አላቆመውም።

በ1979 የማቴዎስ ሕማማትን ለሁለተኛ ጊዜ በስቱዲዮ አስቀረጸ። ፒተር ሽራየር፣ ኤዲት ማቲስ፣ ጃኔት ቤከር፣ ማቲ ሳልሚነንና ከ21 ዓመታት በፊትም አብሮት የነበረው ፊሸር ዲስካው ተሳትፈዋል። ሁለቱ ቀረጻዎች ሲነጻጸሩ ልዩነታቸው ግልጽ ነው። ዘመኑ ወደ ፍጥነትና ወደ ቅለት በሚያመራበት ሰዓት የ1979ኙ ቀረጻ ከ1958ቱ ይልቅ ዘገም ያለ፣ የሰፋና በሐዘን የከበደ ሆኖ ይሰማል። ሪክተር ለተቺዎቹ የሰጠው መልስ ይህ ከሆነ፣ መልሱ መንገዱን መለወጥ ሳይሆን በያዘው መንገድ እስከ ጫፍ መሄድ ነበር። በዚህ ረገድ የመምህሩን የሽትራውበን ምሳሌ አልተከተለም። ሽትራውበ በጎልማሳነቱ አቋሙን ሲገለብጥ፣ ሪክተር ግን ባለበት ጸና።

በየካቲት 15 ቀን 1981 በሙኒክ በልብ ድካም በድንገት ሞተ፤ የተቀበረው በስዊዘርላንድ በዙሪክ ነው። የባኽ መዘምራኑ ግን አልተበተነም፤ ከ1984 ጀምሮ በሃንስ ማርቲን ሽናይት መሪነት ቀጠለ። በዚያው በ1981 መጨረሻ አሜሪካዊው ጆሹዋ ሪፍኪን የባኽ መዘምራን በአብዛኛው በእያንዳንዱ የድምፅ መስመር አንድ ሰው ብቻ የሚዘምርባቸው ነበሩ የሚለውን መላምት ለሙዚቃ ተመራማሪዎች አቀረበ። ክርክሩ ሪክተር ከቆመበት ስፍራ ምን ያህል እንደ ራቀ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ማጠቃለያ

የሪክተር ሕይወት ሦስት ነገሮችን ያስገነዝባል። የመጀመሪያው፣ አዲስና አሮጌ የሚሉት ቃላት በአጨዋወት ታሪክ ውስጥ የቆሙበትን ቦታ እየለዋወጡ የሚሄዱ መሆናቸው ነው። ሪክተር የሮማንቲኩን ልማድ ያራገፈ፣ ሥራዎቹን በሙሉነታቸው የመለሰ፣ ሃርፕሲኮርድን በታላላቆቹ ሥራዎች መካከል ያስቀመጠ መሪ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት የሄዱት እርሱ በከፊል በጠረገው ጎዳና ላይ ነው፤ ለካንታታዎቹ ሰፊ አድማጭ ካፈሩት መካከልም እርሱ አንዱ ነበር።

ሁለተኛው፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የሚተላለፍ ትውፊት በራሱ የጥንት ማስረጃ ሊሆን አለመቻሉ ነው። በላይፕዚጉ ሰንሰለት ውስጥ የሽትራውበ መገለባበጥ እንዳሳየው፣ ትውፊት በእያንዳንዱ ትውልድ እጅ ይለወጣል። በዚህ ነጥብ ላይ ተቺዎቹ ትክክል ነበሩ፤ ያልተጻፈውን ለመሙላት ሰነድ ከልማድ የተሻለ ምስክር ነው። ሆኖም ሰነድ ሁሉን አይናገርም፤ ከሃርኖንኩር እስከ ሪፍኪን የዘለቀው ክርክር እንደሚያሳየው ያንኑ ሰነድ የሚያነቡ ሰዎችም የሚደርሱበት ድምፅ ይለያያል።

ሦስተኛው፣ የሪክተር ቀረጻዎች ስለ ባኽ ዘመን ባይመሰክሩም ስለ ራሳቸው ዘመን የሚመሰክሩ ሰነዶች መሆናቸው ነው። በ1958ቱ የማቴዎስ ሕማማት የሚሰማው ጥብቅነትና ሐዘን አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ በወጣትነቱ ለጦርነት የተወሰደ፣ የዘመረባት ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለችበት ትውልድ ስለ በደልና ስለ ንስሐ የሚናገር ሥራ በእጁ ይዞ ያሰማው ድምፅ ሆኖ ሊደመጥ ይችላል። ከመሞቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ሪክተር ወደ ፍራይበርግ ተመልሶ በዚልበርማን ኦርጋን ላይ የባኽን ሥራዎች አስቀርጿል። ከሸክላዎቹ ሁሉ መካከል የባኽ ዘመን መሣሪያና የሪክተር ስልት በአንድነት የሚሰሙት በዚያ ነው። ስለ ታማኝነት የሚነሣውን ጥያቄ በጆሮው ሊመረምር ለሚሻ ተመራማሪ ከዚያ የተሻለ መነሻ አይገኝም።